የታይሮይድ ኪኒን መቼ ይዋጥ? ጠዋት፣ ማታ ወይስ ሌሊት

ታይሮይዱ (አንገት ላይ ያለው እጢ የሚያመርተው ሆርሞን) ለሚያንስበት ወይ እንቅርቱ በኦፕራሲዮን ለወጣለት ሰው በሚታዘዘው ኪኒን ላይ ሁሉም የሚሰማት ምክር አንዲት ናት፣ ጠዋት በባዶ ሆድ። ፋርማሲስቷም ፓኮው ላይ በእስኪሪብቶ «በቀን 1፣ ጠዋት» ብላ ትጽፍበትና ትሰጣቹሃለች፣ በቃ። ግን ጠዋት ስንል የማን ጠዋት ነው? በ11 ሰዓት ተነስታ ልጅ አልብሳ ቡናዋን ቆማ ጠጥታ ወደ ታክሲ ሰልፍ የምትሮጠው ሴትዮ ጠዋት ነው፣ አሜሪካ ሌሊቱን ሙሉ ፓርኪንግ ሲሰራ አድሮ 2 ሰዓት ላይ የሚተኛው ሰውዬ ጠዋት ነው፣ ወይስ በጾም እስከ 9 ሰዓት ውሃ እንኳን የማይቀምሱት እማማ ጠዋት? ሶስቱም አንድ አይነት ወረቀት ነው የሚሰጣቸው። (ሰዓት የምጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው፣ ውጪ ያላቹ እንዳትሳሳቱ።)

አስቀድሜ ግን የማወራው ስለ ሌቮታይሮክሲን ነው፣ ዩታይሮክስ፣ ኤልትሮክሲን፣ ሲንትሮይድ ምናምን እየተባለ እንደየሀገሩ የሚሸጠው። ታይሮይዳቹ በዝቶ ፒቲዩ ወይ ካርቢማዞል የምትወስዱ ከሆነ ይሄ ጽሁፍ አይመለከታቹም፣ እነሱን ምግብ ብዙም አያሰናክላቸውም፣ ፒቲዩ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ተከፋፍሎ ነው የሚወሰደው። ሁለቱንም «የታይሮይድ መድሃኒት» እያልን ስለምንጠራቸው የጎረቤትን ምክር ከመስማታቹ በፊት ፓኮው ላይ ያለውን ስም አንብቡ።

እሺ፣ ለምንድነው ይሄን ያህል የሚካበደው? ኪኒኗ ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም፣ ውስጧ ያለው መድሃኒት ደሞ በማይክሮግራም ነው የሚለካው፣ 25፣ 50፣ 100 እያለ ይሄዳል፣ አንድ ማይክሮግራም ማለት የሚሊግራም አንድ ሺህኛ ነው። እቺ ኢምንት ነገር ወደ ደም የምትገባው ትንሹ አንጀት ላይ ስትደርስ ነው፣ ሆድ ባዶ ሆኖ ሁሉ ነገር ቢመቻችላት እንኳን የሚገባው ከ70 እስከ 80 በመቶ ቢሆን ነው፣ ምግብ ካገኘች ይቀንሳል፣ የሚቀንሰውም እንደ ምግቡ አይነት ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ ነው። ዶክተሩ ደሞ መጠኑን ከ50 ወደ 75 ወይ ወደ 62 ከግማሽ እያደረገ የሚያስተካክለው ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ (የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ፣ ሲበዛ ዝቅ የሚል ቁጥር ነው) እያየ ነው፣ እናንተ አንድ ቀን ከቡና ጋር አንድ ቀን በባዶ ሆድ ከዋጣቹት ላብራቶሪው የሚያሳየው የኪኒኑን መጠን ሳይሆን የአዋዋጣቹን ነገር ይሆናል ማለት ነው።

በሌላ በኩል ግን ሌቮታይሮክሲን ከደም ቶሎ አይወጣም፣ ግማሹ እስኪወጣ ወደ 7 ቀን ይፈጃል። እንደ ራስ ምታት መድሃኒት ዋጥኩት ለቀቀኝ የሚባል ነገር የለውም፣ ሮቶ ውስጥ በየቀኑ አንድ ጣሳ ውሃ እንደመጨመር ነው፣ ጣሳዋን ጠዋት ጨመርካት ማታ ሮቶው ግድ የለውም፣ ጣሳዋ በየቀኑ ሙሉ መሆኗ ላይ ነው ነገሩ። ስለዚ «የትኛው ሰዓት ይሻላል» ብላቹ ስትጠይቁ በኔ አስተያየት መጠየቅ ያለባቹ «ሆዴ በየቀኑ ባዶ መሆኑን የማረጋግጠው መቼ ነው» ብላቹ ነው። መልሱ ደሞ ከሰው ሰው ይለያያል።

ጠዋት

የአሜሪካ ታይሮይድ ማህበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ላይ ሁለት ምርጫ ነው ያስቀመጠው፣ ከቁርስ 60 ደቂቃ በፊት፣ ወይ ደሞ ከእራት በኋላ 3 ሰዓትና ከዛ በላይ ቆይቶ ሲተኙ። ብዙ ፋርማሲ ግማሽ ሰዓትም ይበቃል ይላል፣ ካልሆነላቹ ግማሽ ሰዓትም ከምንም ይሻላል፣ ግን የሚቻል ከሆነ ሙሉ ሰዓቷን ስጧት።

የጠዋት ጥሩነቱ ሌሊቱን ሙሉ ስላልበላቹ ሆድ ባዶ ለመሆኑ ጥርጣሬ የለውም፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ችግሩ እቺ አንድ ሰዓት ናት፣ የስራ ቀን ላይ አንድ ሰዓት ከየት ትመጣለች? እዚህ ጋር የሚሰራው ዘዴ ኪኒኑን ከመነሳት ጋር ሳይሆን ከአላርም ጋር ማያያዝ ነው። ማታ ስትተኙ ኮመዲኖው ላይ ኪኒኗንና በሳህን የተከደነ ብርጭቆ ውሃ ታስቀምጣላቹ፣ አላርሙ ከምትነሱበት አንድ ሰዓት ቀድሞ ይጮሃል፣ ትውጣላቹ፣ ተመልሳቹ ትተኛላቹ። ሁለተኛው አላርም ሲጮህ ሰዓቷ አልፋለች፣ ቡናም ቁርስም እንደፈለጋቹ። እንቅልፉ አንዴ ከተቋረጠ የማይመለስለት ሰው ይሄን አይሞክረው።

ቡና ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ቡና ምግብ አይደለም፣ ስኳርም አላደረኩበትም» ይባላል። ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ኪኒኑን ከኤስፕሬሶ ጋር የሚወስዱ ሰዎች ላይ ወደ ደም የሚገባው መድሃኒት እንደሚቀንስ አሳይተዋል፣ ያ እንግዲህ አንድ ሲኒ ኤስፕሬሶ ነው፣ የኛ አቦል ከቶና ከበረካ ጋር ሲደመር አስቡት። ጥቁር ቡናም ሆነ ማኪያቶ ያው ነው፣ ማኪያቶው እንደውም ወተቱ ካልሲየም ስላለው ይብሳል። ሻይም ቢሆን ይጠብቅ። ተልባ፣ አጥሚት፣ የአኩሪ አተር ወተት ጠዋት የለመዳቹ ሰዎች እነሱም ኪኒኑን ይዘው የሚያስቀሩ ናቸው፣ አንድ ሰዓት ሲያልፍ ጠጡ።

ማታ

ማታ ላይ ሰው የሚፈራው «እንቅልፍ ይነሳኛል» ብሎ ነው። ትክክለኛው መጠን ላይ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ አይነሳውም፣ ቅድም እንዳልኩት መድሃኒቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሰራው፣ ማታ ዋጣቹት ማለት ማታ ላይ ይነቃቃል ማለት አይደለም። እንቅልፍ እምቢ ካላቹ፣ ልብ ደጋግሞ ሚመታባቹ ከሆነ፣ ክብደት እየቀነሳቹ ከሆነ ሰዓቱን ሳይሆን መጠኑን ነው መጠራጠር ያለባቹ፣ በዝቶባቹ ሊሆን ስለሚችል ሳትቆዩ ሀኪም ጋር ሂዱ። ኪኒናቸው ውስጥ ቲ3 የሚባለው ሌላው የታይሮይድ ሆርሞንም አብሮ ያለበት ሰዎች (ውጪ ሀገር አንዳንድ ሰው ይወስዳል) ግን የነሱ ይለያል፣ ቲ3 ፈጣን ነው፣ ሰዓቱን ሀኪማቸውን ይጠይቁ።

ኔዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት 90 ሰዎች 3 ወር ጠዋት 3 ወር ደሞ ማታ እንዲወስዱ ተደርጎ፣ እውነተኛው ኪኒን የትኛው፣ መድሃኒት የሌለበት አስመሳዩ ደሞ የትኛው እንደሆነ እነሱም ሀኪሞቹም ሳያውቁ ማለት ነው፣ ማታ ላይ ቲኤስኤቻቸው በአማካይ በ1.25 ዝቅ ብሎ ተገኘ። ቲኤስኤች ዝቅ ሲል በነሱ ሁኔታ መድሃኒቱ የበለጠ ገብቷል ማለት ነው። የሚገርመው ግን ሰዎቹ ራሳቸው የተሰማቸው ልዩነት የለም፣ ድካሙም ምኑም ያው ነው። ከዛ በፊት በ2009 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ጥናት ደሞ በተቃራኒው ጠዋት በባዶ ሆድ የተሻለ ሆኖ ነው ያገኘው፣ ቲኤስኤች ጠዋት በባዶ ሆድ 1.06፣ ሲተኙ 2.19፣ ከቁርስ ጋር 2.93። ታዲያ ማን ልክ ነው? ኔዘርላንዶቹ ጠዋት ላይ ከቁርስ በፊት የጠበቁት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር፣ አሜሪካኖቹ ግን ሙሉ ሰዓት። እኔ ከሁለቱ የማነበው ሁለቱም ሰዓት ይሰራል፣ ያሸነፈው ሆዱ የበለጠ ባዶ የነበረበት ነው።

እዚህ ጋር ወደ ሀገራችን ማታ እንምጣ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ እራት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይቀርባል እንበል፣ ሽሮው ይበላል፣ ከዛ ዜና፣ ከዛ ድራማ፣ ቡና ከተፈላ ቆሎ አለ፣ ፈንዲሻ አለ፣ መኝታ 4 ሰዓት ወይ 4 ተኩል። ከእራት እስከ መኝታ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው፣ ቆሎው ሲቆጠር ደሞ ግማሽ ሰዓትም የለም። እንደዚ የምትኖሩ ከሆነ ማታ ለናንተ አይሆንም፣ ወረቀት ላይ ጥሩ ነው፣ እናንተ ቤት ግን አይሰራም። በ12 ሰዓት ወይ 1 ሰዓት በልቶ አፉን የሚዘጋ ሰው፣ ብቻውን የሚኖር ሰው፣ ወይ እራት የማይበላ ሰው ግን ከማታ የተሻለ አያገኝም፣ ጠዋት ነጻ ነው፣ ቡናውን እንደነቃ ይጠጣል። ቃር ያለባቹ ማታ ስትውጡ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጠጡበትና ትንሽ ተቀመጡ፣ ውጣቹ ወዲያው ጋደም አትበሉ።

ሌሊት

ይሄን ሀኪም ብዙም አይነግራቹም ግን ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ሌሊት 9 ወይ 10 ሰዓት ላይ ለሽንት የሚነሳ ሰው አለ አይደል፣ በተለይ እድሜው የገፋ፣ እሱ በዛው ሲመለስ ይውጠዋል። ሆድ ከዚህ በላይ ባዶ አይሆንም፣ ከእራትም ከቁርስም ሩቅ ነው። አዛን የሚቀሰቅሳቹ ወይ ለማህሌት የምትነሱም እንደዛው። አንድ አደጋ ብቻ ነው ያለው፣ ሰው በእንቅልፍ ልቡ ዋጥኩ አልዋጥኩ ይረሳል፣ ጠዋት ደግሞ ይጨምራል። መፍትሄው ለአንድ ቀን የምትበቃውን አንዷን ፍሬ ብቻ ነጥሎ ማስቀመጥ ነው፣ ጠዋት ሳህኗ ባዶ ከሆነች ዋጣቹኋታል ማለት ነው፣ ፓኮውን ሙሉ ራስጌ አታስቀምጡ።

ከምግብ ጋርስ?

ከቁርስ ጋር በየቀኑ የሚውጥ ሰው አለ፣ በተለይ ሌላ ብዙ መድሃኒት የሚወስዱ ሽማግሌዎች፣ ካልሆነ ይረሱታላ። አይመከርም፣ ከላይ ያለውን 2.93 አይታቹታል። ግን መዝለልና ከምግብ ጋር መዋጥ ከሆነ ምርጫው ከምግብ ጋር ይዋጥ፣ ሁልጊዜ እንደዛ እንደሚወስዱ ግን ዶክተሩ ይወቀው፣ መጠኑን በዛው ልክ ያስተካክልላቸዋል። የሚያበላሸው አንድ ቀን ከምግብ ጋር አንድ ቀን በባዶ ሆድ እያሉ ማቀላቀሉ ነው።

ሌላ መድሃኒት ያላቹ

እንቅርት ኦፕራሲዮን የተደረጋቹ ብዙዎቻቹ ካልሲየም ይታዘዝላቹሃል፣ ካልሲየም ካርቦኔት ደሞ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፣ ከሌቮታይሮክሲን ግን 4 ሰዓት መራቅ አለበት። አስሉት፣ ካልሲየሙ ጠዋት፣ ምሳና እራት ከሆነና እራት 2 ሰዓት ከበላቹ ማታ ስትተኙ አራቱ ሰዓት ገና አልሞላም፣ ጠዋት ከቁርስ አንድ ሰዓት በፊት ከዋጣቹ ደሞ የቁርሱ ካልሲየም ቀረበ። ስለዚ ወይ የጠዋቱን ካልሲየም ወደ ረፋድ መግፋት ነው፣ ወይ ያቺን የሌሊቷን ሰዓት መጠቀም ነው። ካልሲየሙን በራሳቹ እንዳትተዉ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ካልሲየም ሲወርድ እጅና ከንፈር መደንዘዝ፣ ጡንቻ መጨምደድ ስለሚያመጣ ቀልድ አይደለም።

አይረንም ያው 4 ሰዓት ነው። ነፍሰጡሮች ጤና ጣቢያ የሚሰጣቹን አይረን ማታ አድርጉት፣ ታይሮይዱን ጠዋት፣ ለነሱ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። እግረ መንገዴን፣ ሌቮታይሮክሲን እየወሰደች ያረገዘች ሴት ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠኗ መጨመር ስለሚያስፈልገው ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ፣ እርግዝናውን ባወቀችበት ሳምንት ሀኪሟ ጋር መሄድ አለባት።

ጨጓራ ደሞ አለ፣ ማን ጨጓራ የሌለበት አለ። ኦሜፕራዞል በሰዓት መራቅ የሚፈታው ነገር አይደለም፣ የሆድ አሲድን ቀኑን ሙሉ ስለሚቀንስ ኪኒኑ በደንብ እንዳይሟሟ ያደርጋል፣ ስለዚ ኦሜፕራዞል ስትጀምሩም ስታቆሙም ቲኤስኤች ይታይላቹ። የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ኤች ፓይሎሪ የሚሉት፣ እሱም ራሱ መድሃኒቱን ይቀንሳል። ሰዓቱን አስተካክሎ፣ ቡናውን ትቶ፣ ሁሉን አድርጎ ቲኤስኤቹ አልወርድ ያለ ሰው ይሄን ቢመረመር ጥሩ ነው፣ ባክቴሪያው ታክሞ ሲጠፋ ደሞ የድሮው መጠን ሊበዛበት ስለሚችል ያኔም መታየት አለበት። የሚታኘኩት የጨጓራ ኪኒኖች፣ እነሱን ግን 4 ሰዓት አርቃቹ ትገላገላላቹ።

ጾም ላይ

በኦርቶዶክሱ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ኪኒኑን በውሃ ጠዋት መዋጥ ከከበደው ማታ ነው መፍትሄው፣ በጾም ጊዜ እራት ቀለል ያለ ስለሆነና ቀደም ብሎ ስለሚበላ 3 ሰዓቷ ትገኛለች። ግን ሁዳዴ ሲገባ ማታ፣ ፋሲካ ሲሆን ጠዋት፣ ረቡዕና አርብ ሌላ፣ እንደዚ ማገለባበጥ አልወድም። ማታን ከመረጣቹ ዓመቱን ሙሉ ማታ ይሁን። ለቁርባን የምትዘጋጁበት ሌሊት ላይ ደሞ ከቅዳሴ ተመልሳቹ ምግብ ከመቅመሳቹ በፊት ውጣቹ አንድ ሰዓት ብትጠብቁ በ7 ቀኑ ሂሳብ ምንም የሚያጎድል አይደለም። ይሄን ለንስሐ አባታቹም ንገሯቸው፣ ለታመመ ሰው የሚሉት አይጠፋም።

ረመዳን ላይ ሶስት ምርጫ አለ። አፍጥር ላይ በውሃ ውጦ ግማሽ ሰዓት ወይ አንድ ሰዓት ሳይበሉ መጠበቅ፣ ይሄ ለኔ የማይሆን ነገር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ጾሞ ሳምቡሳና ሾርባ ተደርድሮ ማን ይጠብቃል፣ ተምሩ ራሱ ምግብ ነው። ሱሁር ላይ ለመዋጥ ከሱሁሩ አንድ ሰዓት ቀድሞ መንቃት ይጠይቃል፣ የሚችል ይችላል። ሶስተኛው ከአፍጥር በኋላ በልቶ ተራዊህ ሄዶ ተመልሶ ሳይበላ መተኛት ነው፣ ተራዊህ ራሱ አፍ ስለሚያዘጋ ሰዓቷ ሳይታወቅ ታልፋለች፣ ከመስጊድ ሲመለሱ ደግሞ የሚበላ ቤት ካልሆነ እኔ ይሄን እመርጣለሁ። በረመዳን ቲኤስኤች ከፍ ሲል የሚታይባቸው ሰዎች አሉ፣ ከጾሙ በኋላ ምርመራ ማድረግ ነው።

የሌሊት ሰራተኞችና አረብ ሀገር ያላቹ

ሌሊት የምትሰሩ ጠዋትና ማታ የሚሉትን ቃላት እርሷቸው፣ ኪኒኑን ከእንቅልፋቹ ጋር አስሩት፣ ከእንቅልፍ ስትነሱ ከመብላታቹ አንድ ሰዓት በፊት፣ ከቀኑ 9 ሰዓትም ይሁን። የእረፍት ቀን ላይ ሰዓቱ ተዛባ ብላቹ አትጨነቁ።

ቤት ውስጥ የምትሰሩ እህቶች የምትበሉበትን ሰዓት እናንተ አትወስኑትም፣ እራት እኩለ ሌሊት ላይ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ ማታን ተዉት፣ ከቤቱ ሰው ቀድማቹ የምትነሱ ከሆነ ያቺ ሰዓት ናት የናንተ። ኪኒኑን ኩሽና ውስጥ ወይ መስኮት ስር አታስቀምጡ፣ ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል፣ ከፓኬቱም አስቀድማቹ አታውጡት።

ሰዓት ለመቀየር ከወሰናቹ

ከጠዋት ወደ ማታ የምትቀይሩ ለምሳሌ ሰኞ ጠዋት ከዋጣቹ ቀጣዩን ማክሰኞ ማታ ማድረግ ትችላላቹ፣ መሀል ላይ ያለው ክፍተት አይጎዳም። አንድ ቀን ከረሳቹ እንዳስታወሳቹ ውጡ፣ የሚቀጥለው ሰዓት ደርሶ ከሆነ ግን ያለፈውን ተዉትና በሰዓቱ አንዷን ብቻ፣ ለማካካስ ብላቹ በራሳቹ ሁለት አትውጡ፣ በተለይ ልብ ህመም ያለበት ሰው። ሰዓት መቀየራቹን ለሀኪም ንገሩና ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ቲኤስኤች ተመርመሩ፣ ከዛ ቀድሞ ቢታይ ውጤቱ ገና ስላልተረጋጋ ያሳስታል። ጠዋት የምትውጡ ሰዎች የምርመራው ቀን ኪኒኑን ይዛቹ ሂዱና ደም ከሰጣቹ በኋላ ውጡት፣ እንደዋጣቹ ለጥቂት ሰዓት ፍሪ ቲ4 (ደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን ልኬት) ከፍ ብሎ ስለሚታይ። ለፀጉርና ለጥፍር እያላቹ ባዮቲን የሚባለውን ቪታሚን የምትወስዱ ደሞ ከምርመራው ሁለት ቀን ቀድማቹ አቁሙት፣ እሱ ማሽኑን እያሳሳተ የሌለ ቁጥር ያወጣል።